ለባለቤቱ የማይሠራው ዕቃ፦ ካታላይዘር፣ ጋራዥ እና የአዲስ አበባ አየር

በሞተር ሳይክል ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ ለባለቤቱ ይሠራል። ካንዴላው ያቀጣጥላል፣ ፍሬኑ ያቆማል፣ ፍሪሲዮኑ ማርሽ ያስቀይራል፣ ጎማው ያስኬዳል። አንድ ዕቃ ብቻ ለባለቤቱ ምንም አያደርግለትም። እሱም ማርሚታው ውስጥ የተደበቀው ካታላይዘር ነው። ይህ ዕቃ የሚያገለግለው ከኋላ የቀረውን ሰው ነው፤ ታክሲ ተሰልፎ የሚጠብቀውን፣ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰውን፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ የሚውለውን ትራፊክ ፖሊስ።

የካታላይዘር ታሪክ በሙሉ ከዚህ አንድ ነገር ይመነጫል። ለባለቤቱ የማይሠራ ዕቃ ሲበላሽ ባለቤቱ አይታመምም፤ ሲነቀል ባለቤቱ አይጎዳም፤ ሲሸጥ ግን ባለቤቱ ገንዘብ ያገኛል። እንዲህ ያለ ዕቃ በሰው በጎ ፈቃድ ብቻ የኖረበት አገር የለም። በኢትዮጵያም አልኖረም። እንዴት እንዳልኖረ መመልከት ደግሞ፣ መንግሥት ስለ አየር ብክለት ባለፉት ሃያ ዓመታት የወሰዳቸው ትልልቅ እርምጃዎች የት ላይ እንደቆሙ ያሳያል።

◆ ድስቱ ከየት መጣ?

ነገሩን ለማየት ከንፋስ ስልክ ላፍቶ የተሻለ ቦታ የለም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከገመድ አልባው ቴሌግራፍ ነው፤ ያለ ሽቦ፣ በንፋስ የሚሄድ ስልክ ማለት ነው። ዛሬ ግን በዚያ ንፋስ ላይ የሚሄደው ሌላ ነው። ከጎተራ በሳሪስ አድርጎ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የደብረ ዘይት መንገድ የወደብ ጭነት መንገድ ነው። ቀለበት መንገዱም ክፍለ ከተማውን አቋርጦ ያልፋል። በመንገዶቹ ግራና ቀኝ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ ጋራዥ፣ ጎሚስታ፣ በያጅና መለዋወጫ ሻጭ ተደርድሯል።

በእነዚህ ጋራዦች የሚነገረው ቋንቋ ራሱ የታሪክ ሰነድ ነው። የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው። የመካኒኩ መዝገበ ቃላት ግን በአብዛኛው የጣሊያን ነው። ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ፓራፋንጎ፣ ቸርኬ፣ ካቻቪቴ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ወራሪው ጦር በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱ ከነመፍቻቸው ቀሩ።

ማርሚታም ከእነዚሁ አንዱ ነው። በጣሊያንኛ ቃሉ ድስት ማለትም ነው። በዚያ ዘመን የጭስ ማውጫው በእርግጥም ድስት ነበር፤ ድምፅ ለማፈን የተሠራ ባዶ ቆርቆሮ። ከውስጡ አየር የሚያጣራ ነገር አልነበረም፤ የትም አገር አልነበረም። ካታላይዘር የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ዕቃው ሲገባ። ዛሬም ብዙ ሰው ማርሚታን የሚያስበው እንደ ባዶ ድስት ነው። ውስጡ የሚከብድ ነገር ሲያገኝ መዘጋቱን እንጂ ሥራ ላይ መሆኑን አይጠረጥርም።

◆ ዕቃው የሚሠራው እንዴት ነው?

ካታላይዘር ሲከፈት የማር እንጀራ ይመስላል። በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ያሉት ሴራሚክ ወይም ስስ ብረት ነው። በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ጥቂት ፕላቲነም፣ ፓላዲየም ወይም ሮዲየም ተቀብቷል። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶቹ ወደ ተራ ናይትሮጅን ይለወጣሉ። ብረቶቹ ራሳቸው አያልቁም፤ ለውጡን ያፋጥናሉ እንጂ አይቃጠሉም። ሥራ ለመጀመር ግን ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል መሞቅ አለባቸው።

ይህን ያሰበው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ ነው። በአሜሪካ ይኖር የነበረው ሁድሪ ለፈጠራው የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ሆኖም ፈጠራው መንገድ ላይ ሳይወጣ እሱ በ1962 ሞተ። ያገደው ሌላ ፈጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 በጄኔራል ሞተርስ ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ቢጨመር ሞተሩ እንደማያንኳኳ አገኘ። እርሳሱ ርካሽ ነበርና ዓለምን አዳረሰ። እርሳስ ግን የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ከዚያም በላይ የካታላይዘሩን ግድግዳ ለብሶ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይገድለዋል።

ስለዚህ ሁለቱ በአንድ መኪና ውስጥ አብረው መኖር አይችሉም ነበር። አሜሪካ በ1970 የንጹሕ አየር ሕጓን አጠንክራ የመኪና አምራቾችን ካስገደደች በኋላ፣ በ1975 የተሠሩት መኪኖች ካታላይዘር ይዘው ወጡ፤ ማደያዎችም እርሳስ የሌለው ቤንዚን ማቅረብ ግዴታ ሆነባቸው። ጃፓን በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ተከተለች። አውሮፓ በ1992 እና 1993 ደረሰች። ልብ መባል ያለበት፣ አምራቾች በአብዛኛው ሕግ እስኪያስገድዳቸው ድረስ አለማስገባታቸው ነው። ምክንያቱም ያው ነው፤ ገዢ ለማያውቀው መንገደኛ ሳንባ ብሎ ተጨማሪ ዋጋ አይከፍልም።

◆ ልማዱ መጀመሪያ ትክክል ነበር

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ለአሠርት ዓመታት የአገሪቱ ቤንዚን እርሳስ የተቀላቀለበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በሶቪየት ኅብረት እገዛ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ሥራ አቆመ፤ ከ1990ው ጦርነት በኋላም ነዳጅ የሚገባው በጅቡቲ ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጃፓን፣ ከአውሮፓና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ያገለገሉ መኪኖች ይገቡ ነበር። ከእነዚህ መካከል ካታላይዘር ያላቸው ነበሩ።

ካታላይዘር ያለው መኪና እርሳስ ያለበት ቤንዚን ሲጠጣ ምን ይሆናል? ካታላይዘሩ ይሞታል። ሞቶ ሲደፈን ጭሱ መውጫ ያጣል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ዳገት አይወጣም። በዚያ ዘመን ማርሚታውን ቆርጦ የማር እንጀራውን ቦርቡሮ ያወጣ መካኒክ ጥፋት አልሠራም። የሞተ አካል ነው ያወጣው። ሌላ መፍትሔም አልነበረውም፤ አዲስ ቢተካ አዲሱም በዚያው ቤንዚን ይሞታልና።

ልማድ ግን ምክንያቱ ካለፈም በኋላ ይኖራል። ሰኔ 1993 ዓ.ም. የሰሃራ በታች አገሮች ዳካር ላይ ተሰብስበው እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለማስወገድ ተስማሙ። እ.ኤ.አ. ጥር 2006 ሲገባ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ በአካባቢው የሚሸጠው ቤንዚን ከእርሳስ ነፃ ሆኖ ነበር። በዓለም የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021 አቆመች። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ይህ እርምጃ በዓመት ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ያለጊዜ ሞትን እንደሚያስቀር ገምቷል።

በኢትዮጵያ ይህ ለውጥ የመጣው ያለ ጩኸት ነው። አንድም አሽከርካሪ አልተቀጣም፣ አንድም ጋራዥ አልተዘጋም፤ የሚገባው ነዳጅ ተለወጠ፣ በቃ። የነዳጁ በር አንድ ስለነበር መቆጣጠር ቀላል ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮም ካታላይዘር በአዲስ አበባ በሕይወት መኖር ቻለ። ያኔ ለጋራዦች «ከእንግዲህ አትቦርቡሩ» ያላቸው ግን አልነበረም። ቤንዚኑ ተለወጠ፤ እጁ አልተለወጠም።

◆ በር ላይ የቆሙ ሕጎች

ከዚያ በኋላ የመጡት ትልልቅ እርምጃዎችም በር ላይ የቆሙ ነበሩ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አደረሰው። ገቢ መሰብሰብም፣ አሮጌ መኪና መቀነስም ታስቦ ነበር። አሮጌ መኪና መግባቱ ቀነሰ። ቀድመው የገቡት ግን ዋጋቸው ጨመረና የበለጠ ተወደዱ፤ የተወደደ ነገር ደግሞ አይጣልም። ሃያ ዓመት የሠራ መኪና ሌላ አሥር ዓመት እንዲሠራ ይጠገናል።

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠራ መኪና ከእንግዲህ እንደማይገባ አስታወቀ። ኢትዮጵያ በዚህ ከዓለም ቀዳሚ ሆነች። ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ በመሆኑ ሐሳቡ ምክንያታዊ ነው። ሚኒስቴሩ በዋናነት ያነሳው ምክንያት ግን ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነበር።

በመካከሉ የሞተር ሳይክሉ ነገር አለ። ሰኔ 2011 ዓ.ም. ላይ በወቅቱ ምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ የሚመራው አስተዳደር ከሰኔ 30 ጀምሮ ሞተር ሳይክሎች፣ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር፣ በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀሱ ወሰነ። ምክንያቱ ጭስ አልነበረም፤ በሞተር እየተፈተለኩ የሚፈጸም ዝርፊያና ወንጀል ነበር። ከዚያ ወዲህ በፈቃድና በቁጥጥር ሥር ዕቃና ምግብ የሚያደርሱ ሞተሮች ተመልሰዋል። ውሳኔው ደግ ነበር ክፉ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። የሚያስተምረው ግን አንድ ነገር አለ፤ ከተማው ሲፈልግ እያንዳንዷን ሞተር ቆጥሮ፣ ለይቶ፣ መዝግቦ ሊቆጣጠር እንደሚችል ታይቷል። ለስልክ ነጣቂ የተቻለው ለጭስ አልተሞከረም።

ሲጠቃለል፣ ጤና ዋና ምክንያት ሆኖ የቀረበው በእርሳሱ ጊዜ ነው። በሌሎቹ ላይ ገቢ፣ ዶላርና ወንጀል ቀድመዋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ግን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ከተንቀሳቃሽ ምንጭ የሚወጣ ብክለት መጠን እንዲወሰንለትም ያዝዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብትን ይሰጣል። የጎደለው ጽሑፍ አይደለም።

◆ የማር እንጀራው ዋጋ

ልማዱን ያጠናከረው ገበያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ትሮይ አውንስ ሮዲየም፣ ማለትም 31 ግራም ገደማ፣ ከ25 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። ፓላዲየምም ከወርቅ በለጠ። በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ሌቦች ከቆመ መኪና ሥር እየገቡ ካታላይዘር መቁረጥ ጀመሩ። ከእነዚያ አገሮች ወደ አፍሪካ የሚጫኑ አሮጌ መኪኖችንም የኔዘርላንድስ መንግሥት ተቆጣጣሪዎች መርምረው በ2020 ባወጡት ሪፖርት፣ አንዳንዶቹ ካታላይዘራቸው ተነቅሎ እንደሚላኩ አረጋግጠዋል። ይኸም ማለት ብረቱ እዚያው ቀርቶ ጭሱ ብቻ ወደዚህ ይመጣል።

የሞተር ሳይክሉ ታሪክ ትንሽ ይለያል። ሕንድ ከሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገሯ ለሚሸጡ ሞተሮች ጠበቅ ያለ የጭስ መስፈርት አስገድዳለች። ለአፍሪካ ገበያ የሚሠሩት ርካሽ ሞዴሎች ብዙዎቹ ግን ይህን መስፈርት እንዲያሟሉ አይጠየቁም። ሻጩ የሚያቀርበው ገዢው አገር የጠየቀውን ነው። ያልጠየቀ አገር ባዶ ድስት ይላክለታል።

◆ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ሥራ

ካታላይዘር መቀየር ለሠለጠነ እጅ ከባድ አይደለም። በጥቂት ቁልፎች ግቢ ውስጥ የሚጠናቀቅ ሥራ ነው። በትንንሽ ሞተሮች ላይ ዕቃው ብዙ ጊዜ ከማርሚታው ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ የሚቀየረው ማርሚታው በሙሉ ነው። ማርሚታው በደንብ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። የዛገው ቡሎን ዘይት ጠጥቶ ያድራል፤ በጉልበት የተጣመመ ቡሎን ተሰብሮ የሞተሩ ራስ ውስጥ ይቀራልና። ሲገጠም አሮጌው ማሸጊያ በአዲስ ይተካል። ሞተሩ የሚሞከረው ሜዳ ላይ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተነሳ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይገድላል።

ከመፍቻው በፊት ግን ጥያቄ አለ፤ አሮጌው ለምን ሞተ? ሞተሩ ዘይት የሚያቃጥል ከሆነ፣ ካንዴላው እየዘለለ ያልተቃጠለ ነዳጅ የሚልክ ከሆነ፣ ወይም ካርቡራተሩ ቤንዚን ያበዛ ከሆነ፣ አዲሱም ካታላይዘር በዚያው በሽታ ይሞታል። የማር እንጀራው የሚቀልጠው ከፊቱ ባለው ሞተር ጥፋት ነው። ሐኪም ሳያክም አካል አይቀይርም።

በጋራዥ የሚመረጠው ሌላው መንገድ ግን አጭር ነው። በያጁ ቆርቆሮውን በግራይንደር ይቆርጣል፣ ውስጡን ይቦረቡራል፣ መልሶ ይበይዳል። ከውጭ ሲታይ ምንም አልጎደለም። ሞተሩ «ተነፈሰ» ይባላል፣ ድምፁም ይጎላል። በእርግጥ የተደፈነ ካታላይዘር ሲወጣ ጉልበት ይመለሳል፤ ጤነኛው ሲወጣ ግን የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ነው። አዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ የኦክስጅን ሴንሰሩ ይቃወማል፣ የቼክ ኢንጅን መብራት ይበራል፤ ለእሱም ማታለያ ተገኝቶለታል።

እዚህ ላይ ባለሞተሩን መራገም ቀላል ነው። ፍትሐዊ ግን አይደለም። ቀኑን ሙሉ ምግብ ሲያደርስ የሚውል ወጣት አንድ ቀን ቆሞ መዋል የዕለት እንጀራውን ማጣት ነው። በያጁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ሥራው ይመልሰዋል። አዲስ ካታላይዘር ልግዛ ቢል ዋጋው ውስጥ ዶላርም፣ ቀረጥም፣ የሻጭ ትርፍም አለበት። የተጣለውን ደግሞ የሚገዛው አለ። አንዱ መንገድ ያስከፍለዋል፣ ሌላው ይከፍለዋል። በዚህ መካከል ለበቆሎ ጠባሿ ሳንባ ብሎ መክፈል ያለበት እሱ ብቻውን ነው ማለት፣ የመንግሥትን ሥራ በድሃ ትከሻ ላይ መጫን ነው። ደግሞም ከሁሉ ሰው በላይ ያንን ጭስ የሚተነፍሰው ከመኪኖች ኋላ ተሰልፎ የሚውለው ራሱ ባለሞተሩ ነው።

◆ ቀጣዩ በር

በነዳጅ የሚሠራ መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ነገሩን የጨረሰው ይመስላል። አልጨረሰውም። በአገሪቱ ከተመዘገቡት 1.2 ሚሊዮን ገደማ ተሽከርካሪዎች አብዛኞቹ ነዳጅ ይጠጣሉ፤ ትልቁ ክፍልም አዲስ አበባ ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ መኪና አያረጅም፤ ይወረሳል። ዛሬ ጎተራ ላይ የሚያጨሰው መኪና ከሃያ ዓመት በኋላም ሊያጨስ ይችላል። ከውጭ የሚገባው ተዘጋ ማለት፣ ከውስጥ ያለው ጸዳ ማለት አይደለም።

የወደቡ በር ሥራውን ከሠራ የቀረው በር የቦሎ ምርመራ ነው። እያንዳንዱ ተሽከርካሪ በዓመት አንድ ጊዜ በግድ የሚያልፍበት በር ይህ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ፍሬንና መብራት እንደሚታይ ሁሉ፣ ከማርሚታው ጫፍ የሚወጣው በመሣሪያ ተለክቶ ማለፍና መውደቅ ካልወሰነ፣ የተቦረቦረው ከሙሉው አይለይም። ቆርቆሮውን ከውጭ ማየት አይበቃም፤ በያጁ ጎበዝ ነውና።

መለካት ብቻውን ግን ቅጣት ይሆናል፤ ቅጣት ብቻውን ደግሞ ጉቦ ይሆናል። ስለዚህ ከመለኪያው ጋር ሁለት ነገሮች አብረው መሄድ አለባቸው። የመጀመሪያው፣ መተኪያ ካታላይዘር እንደ ቅንጦት ዕቃ ሳይሆን እንደ መድኃኒት ታይቶ ቀረጡ እንዲቀንስ። ለኤሌክትሪክ መኪና የታክስ ማበረታቻ የሰጠ መንግሥት፣ ኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ለማይችለው ሰው ይህን መንፈግ የለበትም። ሁለተኛው፣ የተነቀለ ካታላይዘር የሚገዛ ነጋዴ እንዲመዘገብ፣ ከማን እንደገዛም እንዲጽፍ። ሞተር ሳይክሎችን አንድ በአንድ የመዘገበ ከተማ የብረት ገዢዎችን መመዝገብ አያቅተውም።

የእርሳሱ ታሪክ የሚያጽናናም የሚያስጠነቅቅም ነው። የሚያጽናናው፣ አንድ ትክክለኛ ውሳኔ ትክክለኛ በር ላይ ሲወሰን ሚሊዮኖች ሳይሰሙት እንኳ እንደሚድኑ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተወለደ የሳሪስ ልጅ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ጭስ ሳይተነፍስ አድጓል፤ ማን እንደወሰነለት አያውቅም፣ ማወቅም አላስፈለገውም። የሚያስጠነቅቀው፣ በሩ ላይ ተወስኖ ወደ ጋራዡ ሳይወርድ የቀረ ውሳኔ ግማሽ መሆኑ ነው። ቤንዚኑ ከጸዳ ሃያ ዓመት አልፏል። ያኔ በግድ የተጀመረው መቦርቦር ዛሬ የሚቀጥልበት ምክንያት የለውም፤ ከልማድና ከትርፍ በቀር።